ሙቀት የሚይዘው ሳጥን

ውድ ልጄ፣

ባለፈው ሳምንት በስልክ «ከቆርቆሮ የሚቀዳው የብቅል ሽሮፕ ሰለቸኝ፤ ቢራዬን ከእህሉ ከራሱ ልጀምር» ስትዪኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ወዲያው የብቅል መዘፍዘፊያ ገዝቼ ልልክልሽ አስቤ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ራስሽ ብትሠሪው ይሻላል አልኩ። ቧንቧውን በእጅሽ ከገጠምሽው፣ በጠመቃው መሐል ሲያንጠባጥብ ወይም ሲደፈን የቱን መንካት እንዳለብሽ ታውቂያለሽ። በስልክ የነገርኩሽ የተቆራረጠ ስለሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

መዘፍዘፊያው ሁለት ሥራ አለው። የተከካውን ብቅልና ሙቁን ውሃ ይዞ ለ1 ሰዓት ሙቀቱን አለማስመለጥ፣ ከዚያም እህሉን አስቀርቶ ጣፋጩን ጭማቂ መልቀቅ። ለመጀመሪያው ሥራ ለመንገድ ምግብና መጠጥ የሚያዝበት ባለ ድርብ ግድግዳ የማቀዝቀዣ ሳጥን ይበቃል። ሙቀት እንዳይገባ የሚከለክል ግድግዳ እንዳይወጣም ይከለክላልና። 20 ሊትር ቢራ ለመጥመቅ 38 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ከታች የውሃ መውጫ ቀዳዳ ያለው ምረጪ። ክዳኑን አንኳኪው፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠሽ ውስጡ አየር ብቻ ነው ማለት ነው፤ በጠመቃ ቀን በወፍራም ብርድ ልብስ ትሸፍኚዋለሽ።

አብሮት የመጣውን የፕላስቲክ መክፈቻ ንቀዪና በቀዳዳው የብረት ቧንቧ አስገቢ። ከውስጥም ከውጭም የጎማ ቀለበት ይግባበት፤ ጥርሱን በቴፍሎን ጥብጣብ ጠቅልዪው። ከዚያ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ ለግማሽ ሰዓት ተዪው። በቀዝቃዛ ውሃ የማያፈስ ቧንቧ በሙቅ ውሃ ሊያፈስ ይችላልና ፈተናው በሙቁ ይሁን።

ማጣሪያው ነው ከሁሉ ደስ የሚለኝ። ለእጅ መታጠቢያ የሚገጠመውን፣ ውጭው በማይዝግ ሽቦ የተጎነጎነ ተጣጣፊ ቱቦ ታውቂዋለሽ። ሁለቱን ጫፎቹን በብረት መጋዝ ቁረጪ። አሁን ጉንጉኑን ከጫፍና ከጫፍ ወደ መሐል ገፋ ገፋ አድርጊው፤ ሽቦው እየተነፋ ይሰፋል፣ በውስጡ ያለው የጎማ ቱቦም ሾልኮ ይወጣል። ከጎተትሽው ግን ሽቦው ጠብቆ ቱቦውን አንቆ ይይዘዋል፤ ስንት ሰዎች እዚህ ላይ ተበሳጭተው ሲተዉት አይቻለሁ። ባዶውን ጉንጉን በአንድ ጫፉ ከቧንቧው ጋር በብሎን በሚጠብቅ ቀለበት እሰሪው፤ ሌላውን ጫፍ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፈሽ በሽቦ ዝጊው። የተቆረጠው ሽቦ እንደ መርፌ ስለሚወጋ ጓንት አድርጊ።

ዋናው ማጣሪያ ግን ሽቦው አይደለም፤ የብቅሉ ቅርፊት ነው። ብቅሉ ሲከካ ቅርፊቱ ሳይደቅ ውስጡ ብቻ ይሰበር። ቅርፊቶቹ እላይ በላይ ተነባብረው ጭማቂው የሚያልፍበት ወንፊት ይሆናሉ። ቅርፊት የሌለውን ስንዴ ካበዛሽ ይህ ወንፊት ይሳሳል፤ ለመጀመሪያው ጊዜ በገብስ ብቅል ብቻ ጀምሪ።

አሁን ስለ ሙቀቱ። በብቅሉ ውስጥ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች አሉ። ቤታ አሚሌዝ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ድረስ ይበረታል፤ የሚሰጠውን ስኳር እርሾው አሟጦ ይበላዋል። አልፋ አሚሌዝ የሚበረታው 70 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን እርሾ የማይበላውንም ይተዋል። ስለዚህ በ65 የተዘፈዘፈ ቢራ ደረቅና ቀለል ያለ፣ በ69 የተዘፈዘፈ ደግሞ አፍ የሚሞላ ይሆናል። አንቺ 67ን ያዢ። ለ5 ኪሎ ብቅል 15 ሊትር ውሃ አዘጋጂ። እህሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ውሃው ከ67 በላይ መሞቅ አለበት። ስሌቱ እንዲህ ነው፤ 0.41ን ለ3 አካፍዪ (3ቱ ለአንድ ኪሎ ብቅል የሚደርሰው ሊትር ነው)፣ በእህሉ ሙቀትና በምትፈልጊው ሙቀት መካከል ባለው ልዩነት አባዢ፣ 67ን ደምሪበት። እህሉ 20 ዲግሪ ከሆነ 73.4 ይመጣልሻል። ይህ ስሌት ሳጥኑ ራሱ የሚጠጣውን ሙቀት አይቆጥርም። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሳጥኑን ሳላሞቅ ገልብጬበት ድፍድፉ 62 ላይ ወረደብኝ። ስለዚህ አስቀድመሽ ጥቂት ሊትር በጣም የሞቀ ውሃ ለ10 ደቂቃ አቆዪበትና ድፊው። ብቅሉን በጥቂት በጥቂቱ እየነሰነስሽ አማስዪ፤ የጓጎለ ካለ ውስጡ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ሙቀቱን በሦስት ቦታ ለኪና ክዳኑን ዝጊ። እንዴት ሆነ ብለሽ በየአሥር ደቂቃው አትክፈቺ።

ሰዓቱ ሲሞላ አንድ ጠብታ ጭማቂ በነጭ ሳህን ላይ አድርገሽ አዮዲን ጠብ አድርጊበት። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርች ቀርቷል፤ ሩብ ሰዓት ጨምሪለት። የተሞከረውን ጠብታ ጣዪው፣ ወደ ሳጥኑ አይመለስም።

ከዚህ በኋላ ያለው ልጄ፣ እጅሽን የምትይዢበት ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ጭማቂው ለአንድ ደቂቃ ጎረፈ፣ ቀጠነ፣ ከዚያ ጠብ ጠብ አለና ቆመ። እህሉ ተስቦ ሽቦው ላይ እንደ ጭቃ ተለጥፎ ነበር። ሁሉን እንደገና አማስዬ፣ 15 ደቂቃ አስተኝቼ፣ በቀጭኑ ከፍቼ ነው ያተረፍኩት። አንቺ ከመጀመሪያው ሩብ ያህል ብቻ ክፈቺ። መጀመሪያ የሚወጣው ደፍራሽና የእህል ስብርባሪ ያለበት ነው፤ በማሰሮ እየተቀበልሽ እህሉን ሳትቆፍሪ በቀስታ መልሰሽ ከላዩ አፍስሺው። ሁለት ሦስት ሊትር እንደተመለሰ በብርጭቆ ብታዪው ብርሃን አሳልፎ እንደ ማር ይወርዳል። ያኔ ወደ መቀቀያው ድስት ልቀቂው።

እህሉ በኪሎ 1 ሊትር ያህል ስለሚጠጣ ከ15ቱ 10 ሊትር ይወጣልሻል። ከዚያ 16 ሊትር ሙቅ ውሃ ጨምረሽ፣ አማስለሽ፣ ደፍራሹን እንደ በፊቱ መልሰሽ ታወርጂዋለሽ፤ በጠቅላላው 26 ሊትር ለመቀቀል ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ድፍድፉ ከ77 ዲግሪ አይለፍ፤ ካለፈ ከቅርፊቱ ታኒን ይወጣና ቢራሽ አፍ የሚይዝ ይሆናል። አተላውን ሳይሻግት ዕለቱን አውጪ፣ ጉንጉኑንም ፈትተሽ እጠቢው።

ስትጠምቂ ሦስት ቁጥሮች ጻፊልኝ፤ ውሃው ሳጥኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስንት እንደነበረ፣ ካማሰልሽ በኋላ ስንት እንዳለ፣ ከ1 ሰዓት በኋላ ስንት ላይ እንደደረሰ። ከእነሱ የሳጥንሽን ጠባይ አወጣለሁ፤ ለሁለተኛው ጠመቃ ውሃውን ስንት ዲግሪ ላይ እንደምታወርጂው ወዲያው እጽፍልሻለሁ።

የሚወድሽ አባትሽ