ፕላስቲኩ ይታጠፋል፣ ቅቡ ግን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለሚታጠፍ ስክሪን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሱቄ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጅማ ሕርማታ ሞባይል ስጠግን 14 ዓመቴ ነው። «ፕላስቲክ ስለሆነ አይሰበርም» ማለታችሁ አልተዋጠልኝም። ጭንቁ ያለው ፕላስቲኩ ላይ ሳይሆን ላዩ ላይ የተቀባው፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ቅብ ላይ ነው።

በእጄ የሞከርኩትን ልንገራችሁ። ከአጋሮ ቡና ይዘው የሚመጡ አንድ አባት በጥፍር ተጭነው የሚሠሩበት የድሮ ስልክ አላቸው። የታቹ (በጣት የሚነካው ስክሪን) መስታወት ተሰብሮ ስቀይርላቸው፣ ከአሮጌው ላይ የላይኛውን ፕላስቲክ ገሽልጬ በቴስተር ለካሁት፤ 400 ኦም ገደማ። ቅቡን ወደ ውጭ አድርጌ እስክርቢቶ ላይ ጥብቅ አድርጌ ጠመጠምኩት። ንባቡ ሜጋ ኦም (ሚሊዮን ኦም) ገባ፣ ኤሌክትሪክ ማሳለፉን አቆመ ማለት ይቻላል፤ ብዘረጋውም አልተመለሰም። ፕላስቲኩ ግን ምንም አልሆነም!

ያ ቅብ የኢንዲየምና የቆርቆሮ ኦክሳይድ ነው። ብርሃን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ግን እንደ ሸክላ ደረቅ ነው። ከ2 እስከ 3 በመቶ ከተለጠጠ ይሰነጠቃል፤ ሰሌን ላይ የደረቀ ጭቃ ሰሌኑ ሲጠቀለል እንደሚሆነው ማለት ነው። መስታወት ላይ ሲሆን እስከ 300 ዲግሪ አሙቀው ማስተላለፉን ያሻሽሉታል። ሃይላንድ የሚሠራበት ፔት ግን ያንን ሙቀት አይችልም፣ ይኮማተራል። ስለዚህ ፔት ላይ በዝቅተኛ ሙቀት፣ አየሩ በተመጠጠ ማሽን ውስጥ ይቀቡታል፤ መስታወት ላይ እንዳለው ግን አያስተላልፍም።

ሌላም መንገድ አለ። በ2000 እ.ኤ.አ. በኬሚስትሪ ኖቤል ያሸለመው ግኝት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ነበር። ከዚያ ወገን የሆነው ፔዶት በውኃ ተበጥብጦ እንደ ቀለም ይቀባል፣ በመጠነኛ ሙቀት ይደርቃል፣ ሲታጠፍም በቀላሉ አይሰነጠቅም። አየር መምጠጫ ማሽን አይጠይቅም። ድካሙ እርጥበት መጥላቱ ነው፤ ማስተላለፉ በጊዜ ብዛት ይወርዳል። እርጥበት ደግሞ የጅማን ያህል የት አለ? ሐምሌና ነሐሴ የሱቄ ግድግዳ እንኳ አይደርቅም። እዚህ የከረመ ቅብ ሌላም ቦታ ይከርማል ብዬ አምናለሁ።

ኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች፣ ይህን እርጥበት የሚችል ቅብ የማግኘት ሥራ የእኛ አድርጉት። ሱቄ ጓሮ አንድ ኬሻ አሮጌ ታች አለኝ፤ ለመለኪያና ለማነጻጸሪያ የሚሆን ቅብ ያለበት ፕላስቲክ ሞልቷል። ሳንቲም አልጠይቅም፤ ቅዳሜ ከሰዓት መጥታችሁ ውሰዱ።

ሞባይል ጠጋኝ፣ ሕርማታ፣ ጅማ