ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰዎቼ፦ ሥራ ገብቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ወሬው ሳይደርሳችሁ አልቀረም፤ እማዬ ለማን ብላ ትደብቃለች! አዎ፣ ሥራ አገኘሁ። አዲስ አበባ፣ በአንድ ባንክ የሳይበር ደህንነት ክፍል ጀማሪ ተንታኝ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ሥራው ባጭሩ ዘበኝነት ነው። ከባንኩ ኮምፒውተሮችና ሰርቨሮች የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ በፈረቃ እየተቀመጥን እናያለን። የውሸቱን ከእውነተኛው እንለያለን፤ የሚያሰጋውን ከእኛ በላይ ላሉት እናስተላልፋለን። "ሀከር ሆነች አሉ" እያላችሁ የምታስወሩ የሰፈሬ ልጆች ግን ተዉ፤ እማዬ እንቅልፍ አጣች።

ሥራ የፈለገ ሁሉ ያውቀዋል። ማስታወቂያው "ጀማሪ" ይልና ከሥሩ "2 ዓመት ልምድ" ይጨምርበታል። ልምዱ ከየት ይምጣ? ይህን ቋጠሮ የፈታችሁልኝ እናንተ ናችሁ።

ከሁሉ በፊት ጋሼ፣ የፒያሳው ኮምፒውተር ጠጋኝ። ስማቸው እንዲጠራ አልፈለጉም፤ ደሴ ያውቃቸዋል። ሱቃቸው በ2014ቱ ጦርነት ተራቁቶ ከባዶ የጀመሩ ሰው ናቸው። ዲግሪዬን ይዤ ስባዝን አይተው "እስክታገኚ እዚህ ተቀመጪ፤ ከሚገባው ትካፈያለሽ" አሉኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ፍላሽ ማጽዳት ነበር። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ የማያውቅ አለ? ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉ የጠፋ መስሎት ዕንባ ዕንባ እያለው ይመጣል። ፋይሉ ግን አልጠፋም፤ ቫይረሱ ደብቆት ነው። ጋሼ ፎርማት አድርጎ መገላገል አይወዱም። "ምን እንዳደረገ ሳታውቂ አትንኪው" ይላሉ። ፍላሹ መጨረሻ የት እንደተሰካ፣ ማን እንደተዋሰው ደንበኛውን ቀስ ብለው ይጠይቁታል። ወረፋው በር ደርሶ እንኳ አይቸኩሉም።

ቃለ መጠይቁ ላይ ምን ተጠየቅኩ መሰላችሁ? አንድ ሠራተኛ በኢሜይል የመጣለትን ደረሰኝ ሲከፍት ፋይሎቹ መቆለፍ ጀመሩ፤ ምን ታደርጊያለሽ? "የኔትወርክ ኬብሉን እነቅላለሁ፣ ዋይፋዩንም እቆርጣለሁ። ኮምፒውተሩን ግን አላጠፋም" አልኩ። "ለምን?" ካጠፋሁት ጊዜያዊው ሜሞሪ (ራሙ) ላይ ያለው ማስረጃ አብሮ ይጠፋላ! ጠያቂው ብዕሩን አስቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ። ቀጥሎ 4625 ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ዊንዶውስ ያልተሳካ የመግባት ሙከራን የሚመዘግብበት ቁጥር ነው። አንድ አካውንት ላይ 4625 ተደራርቦ፣ ተደራርቦ፣ ድንገት 4624 ከተከተለ አንዱ ሙከራ ተሳክቷል ማለት ነው። መደንገጥ ያኔ ነው።

ይህን ከንባብ ብቻ አላገኘሁትም፤ በገዛ ላፕቶፔ ሞክሬ አይቼዋለሁ። ዋዙህ የሚባል ነጻ የደህንነት መከታተያ ሶፍትዌር አለ። በእኔ 4 ጊጋ ራም ላይ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ መነሳት አልቻለም። ጋሼ ስክሪኑ ከተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ 8 ጊጋ ራም ነቅለው ሰኩልኝ። ዋጋውን ስጠይቅ "ሥራ ስትይዢ" አሉኝ። በኋላም ማኅተም ያለው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ጋሼ፣ ይኸው ሥራ ያዝኩ፤ ሒሳቡን ይንገሩኝ።

ኮምቦልቻ ደግሞ፣ የተማርኩበት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የላብ ቴክኒሻን፣ ከተመረቅኩም በኋላ ሳታባርረኝ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኘውን የኔትወርክ ስዊች እንድነካካ ስለፈቀድክልኝ ውለታህ አለብኝ። የሐረጎን ጉም ሰንጥቀው ላመላለሱኝ ሾፌሮችም ምስጋናዬ ይድረስ።

የሙጋድ ጎረቤቶቻችን! በ2015 ክረምት የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ወራት ሲያስቆጥር ብሮድባንድ የነበራችሁ እናንተ ነበራችሁ። በረንዳችሁ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ሲስኮ የሚባለውን የኔትወርክ ዕቃ አምራች ኩባንያ ነጻ ኮርስ ጨርሻለሁ። ሻይ ሳይቀር ታወጡልኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ፦ ያን የዋይፋይ ፓስወርድ አሁን ቀይሩት። ግማሽ ሰፈር ያውቀዋል።

የእድራችን እናቶችስ? አንዷ እናታችን "ሽልማት ደርሶሻል፣ የመጣልሽን ኮድ ንገሪን" ተብለው ቴሌግራማቸው የተጠለፈ ዕለት፣ በስማቸው ለእድርተኛው ሁሉ ብር ሲጠየቅ፣ ስልኩን ይዘው የሮጡት ወደ እኔ ነው። አዲስ የገባው ሌባ የቆየውን ስልክ ወዲያው ማስወጣት አይችልም። እኛ ቀድመን አስወጣነው፤ ሁለተኛ የይለፍ ቃልም አስገባንበት። ከዚያ ወዲያ ቡና በተፈላ ቁጥር የአንዷን ስልክ ሳላስተካክል የተነሳሁበትን ቀን አላስታውስም። ይህንንም ሲቪዬ ላይ ጻፍኩት። ጠያቂዎቹ ከሰርተፊኬቱ ይልቅ ስለሱ ብዙ አወሩኝ።

ሰርተፊኬቱ ከተነሳ፣ አይ ኤስ ሲ ቱ የሚባለው ድርጅት ለጀማሪዎች በነጻ ያቀረበው ነው። ያኔ 100 ጥያቄ በ2 ሰዓት ነበር፤ ማለፊያው ከ1000 700። ፈተናው ነጻ ይሁን እንጂ ያለፈ ሰው በየዓመቱ 50 ዶላር ይከፍላል። ከእኛ አገር ሆኖ 50 ዶላር መክፈል ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ውጭ ያለኸው የአጎቴ ልጅ፣ "ካርዴን እንኪ" ብለህ ገላገልከኝ። ለፈተናው አዲስ አበባ ስወርድ አልጋሽን ለቀሽልኝ ምንጣፍ ላይ የተኛሽው አክስቴ፣ ያንቺን በአካል ስመጣ።

በወዳጃው ላይ ስሜን አንስታችሁ ዱዓ ያደረጋችሁ፣ ለግሸን ማርያም የተሳላችሁ፣ ሁላችሁም ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈላችሁ። እማዬ፣ ላንቺ እዚህ አልጽፍም፤ ስታለቅሺ ያዩሻል።

ፈረቃዬ በብዛት ሌሊት ስለሆነ ቀን ደውላችሁ ባላነሳ አትቀየሙኝ። ይህን ሙያ የምትፈልጉ የሰፈር ልጆች ደግሞ፣ ማስታወሻዎቼን በሙሉ ጋሼ ሱቅ ትቻቸዋለሁ። በእጅ ነው የተጻፉት፤ ኮፒ አድርጋችሁ መልሱ። ፍላሽ ይዛችሁ ከሄዳችሁ መጀመሪያ ለጋሼ ስጧቸው፣ ይዩት።