የስፖርት ታሪክ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከአንድ አሰልጣኝ ጋር የከረምንበት ዓመት

ክበባችን የብዙ ስፖርተኞችን ታሪክ በጥቂት በጥቂቱ ከመቃኘት ይልቅ ዘንድሮ የአንድን ሰው ሕይወት እንዲያጠና በጥቅምቱ ስብሰባ ሲወሰን፣ የተመረጡት ቀደምቱ የአሜሪካ ኮሌጆች የፉትቦል አሰልጣኝ አሞስ አሎንዞ ስታግ ነበሩ። ፉትቦል መባሉን ብቻ ሰምተው የተመዘገቡት ተማሪዎች ኳሱ ሞላላ እንደሆነና ተጫዋቾቹም አቅፈውት እንደሚሮጡ ሲያውቁ ቅር ተሰኙ፤ ሁለቱ ወደ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ተዛወሩ።

እ.ኤ.አ. በ1862 በኒው ጀርሲ የተወለዱት ስታግ፣ የል ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ሐሳባቸው ሰባኪ መሆን ነበር። ሕዝብ ፊት ቆሞ መስበክ እንደማይሆንላቸው ሲረዱ ትምህርተ መለኮቱን ትተው ወደ ስፕሪንግፊልዱ የወወክማ ማሰልጠኛ ሄዱ። በ1892 ደግሞ የል ያስተማሯቸው ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር አዲሱን የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ፣ ስታግን በአሰልጣኝነት ብቻ ሳይሆን በመምህርነት ማዕረግ ጭምር ቀጠሯቸው። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር በመሆኔ ይህን ነጥብ ሳላስረዝም እንዳላለፍኩ አባላቱ ይመሰክራሉ።

በ1905 ቺካጎ፣ ከዚያ በፊት በተከታታይ 56 ጨዋታዎች ያልተሸነፈውን ሚሺጋንን 2 ለ 0 አሸነፈ። ልጆቹ ሁለቱን ጎል ማን እንዳገባ ጠየቁ። ጎል የሚባል ግን አልነበረም፤ ኳስ የያዘ የሚሺጋን ተጫዋች ከራሱ የግብ መስመር ኋላ ተይዞ በመውደቁ ለቺካጎ ሁለት ነጥብ ተሰጠ፣ ጨዋታውም በዚያው ተወሰነ። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለማስረዳት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

የዓመቱ ረጅም ክርክር የተነሣው ዩኒቨርሲቲው ከ41 የውድድር ዘመናት በኋላ ስታግን በ70 ዓመታቸው ጡረታ ማውጣቱን ስንሰማ ነው። አብዛኞቹ አባላት፣ እኔም ጭምር፣ ለወጣት ቦታ መልቀቅ ተገቢ ነው አልን። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ቀሪውን ታሪክ አዘጋጅታ መጣች፦ ስታግ በ1933 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የፓሲፊክ ኮሌጅ ሥራ ጀመሩ፤ በ1943፣ በ81 ዓመታቸው፣ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባሉ፤ ከዚያም በፔንሲልቬንያ ከልጃቸው ጋር አሰለጠኑ፤ በ1965 ሲያርፉ 102 ዓመታቸው ነበር። እኔ ሐሳቤን ቀየርኩ፤ ሦስት አባላት ግን እስከ ሰኔ ድረስ አልቀየሩም።

ከፊዚክስ ክበብ ጋር በጋራ ያደረግነው ስብሰባ ከሁሉም የበለጠ ታዳሚ ነበረው። ቺካጎ ፉትቦልን በ1939 አቆመ፤ በስታግ ስም በተሰየመው ሜዳ የተመልካቾች መቀመጫ ሥር ደግሞ ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ በታኅሣሥ 1942 ቁጥጥር የተደረገበትን የመጀመሪያውን የኑክሌር ሰንሰለታዊ አጸግብሮት አካሄዱ።

ዓመቱን የዘጋነው በመምህራንና በተማሪዎች የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ ነው። ምክንያት አለው፦ በመጋቢት 1892 በስፕሪንግፊልድ ለሕዝብ በቀረበው የመጀመሪያ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ተማሪዎቹ መምህራኑን 5 ለ 1 ሲያሸንፉ፣ የመምህራኑን ብቸኛ ነጥብ ያስቆጠሩት ስታግ ነበሩ። እኛም ተሸነፍን። ውጤቱን ተማሪዎቹ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ በትልቁ ስለጻፉት እዚህ መድገም አላስፈለገኝም።