የታሪክና ቅርስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ኩሽን ፍለጋ

ዘንድሮ ክበባችን የመረጠው ርዕስ የኩሽ መንግሥት ነበር። ኩሽ በዛሬዋ ሱዳን፣ በዓባይ ዳር የነበረ ታላቅ መንግሥት ነው። ጎረቤታችን ሆኖ ሳለ ተማሪዎቻችን ብዙም አያውቁትም ነበር። በሜሮዌ ፒራሚዶች አሉ ስላቸው እንኳ ፎቶ ካላየን ብለው ድርቅ አሉ።

የዓመቱ ምርጥ ውይይት በከርማ፣ በጥንታዊቷ የኩሽ ዋና ከተማ፣ ላይ ያደረግነው ነው። ተማሪዎቹን በቡድን ከፍዬ አንድ መረጃ ብቻ ሰጠኋቸው። ከርማ ውስጥ በአንድ ትልቅ ጉብታ መቃብር የሐፒጄፋ የተባለ የግብፅ አገረ ገዥና የሚስቱ ሐውልቶች ተገኝተዋል። እዚያ የተቀበረው ማን ነው? ሁሉም ቡድኖች “አገረ ገዥው” አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮ ቦታውን የቆፈሩት አሜሪካዊው ጆርጅ ሬይዝነርም እንዲሁ ነበር ያሉት። ከርማ በግብፅ ሹም የምትተዳደር ቦታ ተደርጋ ተጻፈች።

ቀጥዬ ሁለተኛውን መረጃ አወጣሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 ግብፅ ውስጥ፣ ኤልካብ በሚገኝ የአንድ ሹም መቃብር አንድ ጽሑፍ ተገኘ። ኩሽ አጋሮቹን አስከትሎ ግብፅን እንደወረረ ይናገራል። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ብድግ ብላ “ታዲያ ሐውልቶቹ የተማረኩ ናቸዋ!” አለች። እውነትም ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ሐውልቶቹ ከግብፅ ተዘርፈው የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። ጉብታው የኩሽ ንጉሥ መቃብር ነው።

ስዊዘርላንዳዊው ሻርል ቦኔ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት ከተማዋን ራሷን ቆፍረዋል። በዚያው በ2003 ቡድናቸው ከርማ አጠገብ፣ ዱኪ ጌል ላይ፣ የኩሽ ነገሥታትን የሚያሳዩ ሰባት የተሰባበሩ ሐውልቶችን ከአንድ ጉድጓድ አወጣ። ከነገሥታቱ አንዱ ታሃርቃ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ “የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ” የተባለው። ይህን ስም ተማሪዎቹ ያውቁት ስለነበር ደስታቸው ልዩ ነበር።

በመጋቢት የሰማነው ዜና ግን አሳዘነን። በሱዳኑ ጦርነት የካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም ክፉኛ ተዘርፏል። ተማሪዎቹ በራሳቸው ተነሳሽነት የኩሽ ቅርሶችን ፎቶ በሰሌዳ ላይ ለጥፈው፣ በእረፍት ሰዓት ለሌሎች ሲያስረዱ ሰነበቱ። በጣም ኮርቼባቸዋለሁ።

በወላጆች ቀን ከጭቃ የሠሩትን የከርማ ደፉፋ (ትልቁን የጭቃ ጡብ ሕንፃ) አምሳያ አሳይተዋል። በሚቀጥለው ዓመት በኢዛና ጽሑፍ እንጀምራለን፤ ንጉሡ ኖባ የተባለውን ሕዝብና ካሱን (ኩሽን) ስለወጋበት ዘመቻ ይተርካል። መመዝገብ የምትፈልጉ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ስማችሁን ስጡ።