ለአባዬ፣ ስለ ቱሊፕ አበባው

ውድ አባዬ፣

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የለንደን ዝናብ ብቻ አላባራ ብሏል።

ባለፈው "ቤት የማይመታ ግጥም ወሬ ነው" ስትለኝ ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁብህ። ይቅርታ አባዬ። አሁን በማታ ትምህርቴ የያዝነው ርዕስ ቁርጥ የኛ ጭቅጭቅ ነው። እንግሊዞቹ ከ200 ዓመት በፊት ተጨቃጭቀውበታል።

አንተ እዚያ ብትኖር የገጣሚው የአሌክሳንደር ፖፕ ወገን ነበርክ። ስንኙ አሥር ቀለም፣ ሁለት ሁለት እየሆነ ቤት ይመታል። የግሪክና የሮም ደንብ ይከበራል። ገጣሚው የሆዱን አያወራም። ሁሉም የሚያውቀውን እውነት አሳምሮ ይናገራል እንጂ።

ሳሙኤል ጆንሰንም የዚሁ ሰፈር ሰው ነው። መደርደሪያህ ላይ ያለውን፣ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሰውን የሐበሻውን ልዑል የራሴላስን ታሪክ የጻፈው እሱ ነው። በ1759 (በፈረንጆቹ) እናቱ ሞተችበት። እሱ ለንደን ነበር፣ አልደረሰላትም። ለቀብሯ ወጪ ብሎ በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጻፈው ይባላል። የእማዬ ለቅሶ ትዝ አለኝ። ብሩን ልኬ እኔ የቀረሁበት።

መጽሐፉ ውስጥ ኢምላክ የሚባል ገጣሚ አለ። ገጣሚ አንዱን ነጠላ ነገር ትቶ ዝርያውን ይመለከታል፣ የቱሊፕ አበባን መስመሮች አይቆጥርም ይላል። ጆንሰንም እንዳለው አደረገ። ራሴላስ የሚኖርበት የደስታው ሸለቆ አማራ ምድር ነው ይለናል፣ ግን አንዲት የጤፍ ማሳ የለችበትም።

ወደ 40 ዓመት ቆይቶ፣ በ1798፣ ዎርድስወርዝና ኮልሪጅ የሚባሉ ሁለት ገጣሚዎች አንድ የግጥም መድበል አወጡ። የፈረንሳይ አብዮት ወሬ ገና አልበረደም። ንጉሥ ከወረደ የግጥም ደንብስ ለምን አይወርድም? እረኛውም ለማኟም ግጥም ውስጥ ገቡ። ዎርድስወርዝ በ1800 እትም መግቢያ ላይ ግጥም ሰው በሚናገርበት ቋንቋ ይጻፍ አለ። ጥሩ ግጥም ማለት ኃይለኛ ስሜት በራሱ ጊዜ ሲገነፍል ነውም አለ። አንተ "ይሄማ ወሬ ነው" ስትል ይሰማኛል!

ኮልሪጅ ደግሞ "ኩብላ ካን" በሚለው ግጥሙ ባለ ክር መሣሪያ የምትጫወት ሐበሻ ልጃገረድ በራእይ አየ። ስለ አቦራ ተራራ ትዘፍናለች። በእጁ በጻፈው ቅጂ ላይ ግን ተራራው ምን ይባላል መሰለህ? አማራ!

ሁለቱም አገራችንን በዓይናቸው አላዩም። ጆንሰን ስለ ሰው ልጅ ሁሉ ሊናገርብን ወሰደን። ኮልሪጅ ግን አንዲት ልጅ አየና ዘፈኗን መልሼ ባገኘው ብሎ ሲመኝ ቀረ። እኔ የልጅቷ ወገን ነኝ። ዎርድስወርዝም ቢሆን ብዙ ጊዜ ቤት ይመታል፣ ስለዚህ ግማሹን አሸንፈሃል።

አሁን መነጽርህን አድርግና የራሴላስን ምዕራፍ 10 አውጣልኝ። ሲራክ "ቱሊፕ"ን ምን ብሎ መለሰው? እሁድ ስደውል ትነግረኛለህ።

ልጅህ