ስለ ቡችላዋ

ጅማ፣ ኅዳር 9

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼብሻለሁ። እማማ ካረፉ ወዲህ ከሰው ጋር ማውራት ከብዶኝ ከረመ፤ ይቅር በይኝ። ትናንት መርካቶ ታናሽ እህትሽን አገኘኋትና ለልጆችሽ ቡችላ እንዳመጣሽ ነገረችኝ። የእብድ ውሻ በሽታን እያሰብኩ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሲነጋ ወረቀት አነሳሁ።

መስከረም ላይ ትንሹን ልጄን አዌቱ ድልድይ አጠገብ ባለቤት የሌለው ውሻ ነከሰው። ባቱ ላይ ሁለት የጥርስ ምልክት ብቻ ነው። እንዳልገርፈው ፈርቶ ደብቆኝ ዋለና ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ አየሁት። ጩኸቴን ሰምተው ጎረቤቶች መጡ። አንዷ ቡና ልነስንስበት አለች፤ ሌላዋ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ እንውሰደው አለች።

ያን ጊዜ ያ አራተኛ ክፍል አብሮን የተማረው የሄርማታ ሰፈሩ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ታስታውሽዋለሽ። እጁን የቧጨረችው የራሳቸው ቡችላ ነበረች። ቁስሉ ደርቆ፣ ሁላችንም ረስተነው፣ ከሁለት ወር በኋላ ውኃ ሲሰጡት ጉሮሮው ይታነቅ ጀመር። እናቱ ብርጭቆውን ከጀርባዋ ስትደብቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ቀበርነው። እኔና አንቺ ስለ እሱ አውርተን አናውቅም።

ቡናውን መልሺ አልኩና ልጄን ቧንቧ ሥር አስቀመጥኩት። በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ፣ ሰዓት እያየሁ አጠብኩት። ልጅ እያለቀሰ 15 ደቂቃ እንዴት ይረዝማል! በማግሥቱ ማለዳ የሄድንበት ሐኪም ቤት ክትባቱ አልቋል ብሎ መለሰን፤ ሌላ ቦታ አገኘን። ክንዱ ላይ በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያም በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ተወጋ። ውሻው ቢያዝ ኖሮ ይታመም እንደሆነ ለማየት 10 ቀን ይጠብቁት ነበር፤ እሱ ግን የት እንደገባ አልታወቀም።

ሐኪሙ ሲያስረዳኝ በሽታው በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይወጣል አለኝ። ክትባቱ የሚያድነው ቀድሞ ከደረሰ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም። ሰው በዚህ በሽታ ከሚሞትባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 ከመቶው ከውሻ የመጣ ነው። ከሟቾቹ 40 ከመቶ ያህሉ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ይህን ስሰማ ያንን ብርጭቆ መልሼ አየሁት።

ስለዚህ እህቴ፣ ቡችላዋን አትመልሻት፤ ልጆችሽ እንደወደዷት ሰምቻለሁ። ግን ሦስት ወር ሲሞላት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስደሽ አስከትቢያት፣ በየዓመቱም አስደግሚ። ካርዷን ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጪው። ማታ ማታ ከግቢ አትውጣ። ልጆቹንም ጭረት ብትሆን እንኳ እንዲነግሩሽ አስለምጃቸው፤ ሲነግሩሽም እንዳትቆጫቸው። የኔው ልጅ የደበቀኝ ቁጣዬን ፈርቶ ነው፤ ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስሟን ማን አላችኋት? ትልቋ ልጅሽ ትጻፍልኝ። ከጓሮ የለቀምነው ቡና እየደረቀ ነው፤ እህትሽ ስትመጣ እልክልሻለሁ።

ያንቺው