ማረፊያ ድንጋዮቹ ባሉበት ይቆዩልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጉዳዬ ስለ ድንጋይ ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ወደ እንጦጦ በሚወጡት የእግር መንገዶች ዳር፣ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ሸክማቸውን የሚያሳርፉባቸው ድንጋዮች አሉ። ስለ እነሱ የሚጽፍ ሰው አላየሁም። ቦታ ካላችሁ ይህችን አውጡልኝ።

ሽሮ ሜዳ ነው ያደግኩት። የከተማ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። የሥራ ጓደኞቼ እረፍታቸውን ድራፍት ቤት ሲያሳልፉ እኔ ጫካ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ክላክስና የሂሳብ ጭቅጭቅ ስሰማ ለዋልኩ ሰው የባሕር ዛፍ ሽውታ ትልቅ ነገር ነው። በ2013 ዓ.ም. ፓርኩ ሲመረቅ ልጆቼ ወስደው አሳይተውኛል። ያምራል፣ ምንም አይወጣለትም። እኔ ግን የለመድኩት የድሮዎቹን የእግር መንገዶች ነው።

ካቻምና ልቤን አመመኝ። አንዱ የደም ሥር ተዘግቶ ስለነበር ስቴንት የሚሉትን የሽቦ ቱቦ አስገቡልኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት የምውጠው ክኒን ቁርስ ሊተካ ምንም አልቀረው። ምላስ ሥር የሚደረገውም ከኪሴ አይለይም። ከቤት ብዙም ሳልወጣ ስቆይ ሐኪሙ ተቆጣኝ። «ይራመዱ! እያወሩ መሄድ እስከቻሉ ድረስ ይሂዱ፤ ማውራት ካቃተዎት ይቁሙ» አለኝ። ልጄ ሜዳ እንድዞር ሐሳብ አቀረበች። እኔ ደግሞ ስዞር የኖርኩት ይበቃኛል አልኳት።

እንጦጦ ለልብ በሽተኛ ቀላል ቦታ አይደለም። መሐል ከተማው ራሱ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ተራራው ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ላይ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሲሶ ገደማ ያንሳል። አትሌቶቻችን ማለዳ የሚወጡትም ይህን ቀጭን አየር ፈልገው ነው። እነሱ ሳቅ እያሉ በአጠገቤ ሽው ሲሉ እኔ ቆሜ ትንፋሼን እሰበስባለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ታናሹ ልጄ አብሮኝ ወጣ። ስለ ቤት ኪራይ እያወራን ነበር፤ ዳገቱ ሲጀምር ወሬው ተቋረጠ። መሬት ልቀመጥ ብል መነሣቱ ሌላ ዳገት ነው። የባሕር ዛፍ ግንድ ብደገፍ ልጡ እየተላጠ ይወርዳል። በዚህ መሐል አንዲት ሴት ከላይ መጣች። የቅጠልና የጭራሮው እስር ከመንገዱ ይሰፋል። ከመንገዱ ዳር ካለች ወገብ የምታህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ስትደርስ ጀርባዋን ሰጠቻት፤ ጉልበቷን ትንሽ አጠፈችና እስሩን አስቀመጠችው። ገመዱን ከደረቷ ላላ አደረገች። በፉጨት መሰል ድምፅ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ሸክሙ አልወረደም፤ ክብደቱን ግን ድንጋይዋ ተቀበለችላት። የድንጋይዋ አናት ከመታሸት ብዛት እንደ መስተዋት ያበራል።

አየችኝ። «አባባ፣ ጠጋ ይበሉ፤ ለሁለታችን ይበቃል» አለችኝ። ተደገፍኩ። የት ድረስ እንደምሄድ ጠየቀችኝና ቀጣዩ ማረፊያ ጽዱ ሥር እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ግን እስከ ሜዳው ምንም እንደሌለ ነገረችኝ። ማን እንዳስቀመጣቸው ብጠይቃት «እናቴም እዚሁ ነበር የምታርፈው» አለችኝ። ሌላ መልስ አልነበራትም።

ከዚያ ወዲህ ልብ ብዬ አየኋቸው። በሜትር ለክቶ የተከላቸው የለም። ያሉት ትንፋሽ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። ሐኪሜ «ማውራት ሲያቅትዎት ይቁሙ» ያለኝ ቦታና ሴቶቹ የሚቆሙበት ቦታ በአብዛኛው አንድ ነው። እኔ የተሸከምኩት ነገር የለም፤ የእነሱ ሸክም ደግሞ ሠላሳ ምናምን ኪሎ ነው።

እነዚህ ሴቶች የዚህን ከተማ እንጀራ በትከሻቸው ሲያስጋግሩ የኖሩ ናቸው። በዐፄ ምኒልክ ጊዜ ማገዶ ከማለቁ የተነሣ ቤተ መንግሥቱ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ አድጎ ነው ከተማዋን ያስቀራት። ዛፉ ከተራራው ወርዶ ምጣድ ሥር የሚገባው ግን በሰው ጀርባ ነበር። አሁን ኤሌክትሪክ አለ እንላለን፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሁላችንም የት እንደምንሮጥ እናውቃለን።

በቅርቡ ከድንጋዮቹ አንዱ መንገዱ ሲሰፋ ተነሥቶ ቦይ ውስጥ ተጥሎ አየሁት። ማንንም አልከስም። አካፋ ለያዘ ሰው ድንጋይ ድንጋይ ነው። ምን እንደሆነ የነገረው የለም፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

«አግዳሚ ወንበር ይሠራላችሁ» የሚል ይኖራል። ወንበር ዝቅ ያለ ነው፤ ሸክም ያላት ሴት አትቀመጥበትም፤ መደገፊያው እስሩን ይገፋባታል። እኔም ከዝቅተኛ ወንበር ስነሣ ዓይኔ ይጨልማል። ደግሞም እንጨት ፍለጋ ሰው የሚወጣበት ተራራ ላይ የእንጨት ወንበር ማቆም ድፍረት ነው። የሚያስፈልገው ወገብ ድረስ ከፍ ያለ፣ አናቱ ጠፍጣፋ፣ የማይነቃነቅ ድንጋይ ነው።

«እንጨት መሸከምን ማበረታታት ነው» የሚልም አለ፤ አንድ ጎረቤቴ እንዲህ ብሎኛል። ድንጋይ ስለጠፋ እንጨት መሸከም የምታቆም ሴት የለችም። ከመሐላቸው ትተው ሽመና የያዙትን አውቃለሁ፤ እነሱ የተዉት ሌላ እንጀራ ስላገኙ ነው። በዚያ ላይ ድንጋዮቹ የሴቶቹ ብቻ አይደሉም። ወደ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ስንት በሽተኛ በሰው ትከሻ ተደግፎ ይወጣል! እግረ መንገዴን፦ አክስቴ ክኒኑን ትቼ ጸበሉን ብቻ እንድይዝ ወትውታኛለች። ጸበሉንም እጠጣለሁ፣ ክኒኑንም እውጣለሁ። እስካሁን ሁለቱ ሲጣሉ አላየሁም።

እንደ እኔ ልቡን አሞት ጫካ የናፈቀው ካለ፣ መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር። ብርዱ ደረት ስለሚይዝ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አይውጣ። ብቻውን አይሂድ። ሸክም ያላት ሴት ስትመጣ ደግሞ ወደ ላይኛው በኩል ወጣ ብሎ ያሳልፋት፤ በታችኛው በኩል ከቆመ እስሩ ጠርጎ ገደል ይከተዋል።

እኔ አሁን ጽዱ ድረስ እወጣለሁ። ከዚያ እስከ ሜዳው ያለችው ዳገት ግን ማረፊያ ስለሌላት አልደፈርኳትም። ሁለት ድንጋይ ቢቀመጥባት፣ ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት እንጦጦ ማርያም ድረስ በእግሬ የምደርስ ይመስለኛል። የት የት መቀመጥ እንዳለበት ሴቶቹ ያውቃሉ፤ እነሱ ሥራ ላይ ከሆኑ እኔም ላሳይ እችላለሁ። የሚመለከተው አካል በዚህ ጋዜጣ በኩል ይጥራኝ፤ ብቻ ቀስ ብለን ነው የምንወጣው።

ጡረተኛ ሾፌር
ከሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ